የበሬውን ጥርስ የሚያየው ነጋዴ የገዢውን ሒሳብ ለምን አያይም?

መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ አንድ ሰንጋ የሚሸጥበትን መንገድ ላስተዋለ ሰው፣ ነጋዴው ጥንቃቄ ይጎድለዋል ለማለት ይቸግራል። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል። ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎኑን ይደባብሳል፣ ወዲህ ወዲያ አስነድቶ አረማመዱን ያያል። ዓይኑ የሚያነባ፣ አፍንጫው የደረቀ እንደሆነ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የክትባት ወረቀቱን ይጠይቃል። በጋይት ነው ተብሎ የቀረበለትን ድቅል ከሩቅ ይለያል። ይህ ሁሉ ለአንድ በሬ ነው።

ከዚያ ያው ነጋዴ ሠላሳ ሰንጋ አሰልፎ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት ይደርሳል፤ ገዳሪፍ ላለ ገዢም በዱቤ ያስረክባል። ገዢው ማን ነው? «የሐጂ ሰው ነው።» ሐጂ እነማን ናቸው? «ትልቅ ነጋዴ ናቸው፣ ሱዋኪን ድረስ ይልካሉ።» ስንት ዕዳ አለባቸው? ስንት ሰው አልከፈላቸውም? ገንዘባቸው በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ስም ይንቀሳቀሳል? እዚህ ላይ ዝምታ ይሆናል። ለአንድ በሬ ግማሽ ሰዓት የሚመረምረው ሰው፣ ለሠላሳው ገንዘብ አምስት ደቂቃ አይጠይቅም። የቀረውን የሚሞላው ደላላው ነው፤ ደላላው ደግሞ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ ገንዘቡ ሲሰበሰብ አይደለም።

ይህ የጥቂት ሞኞች ታሪክ ቢሆን ኖሮ መጻፍም ባላስፈለገ። ጉዳዩ የንግዱ አሠራር ነው። ከመተማና ከሁመራ የሚወጣው ከብት ከፊሉ እዚያው ገዳሪፍ ይታረዳል፣ ከፊሉ ወደ መካከለኛው ሱዳን ይነዳል፣ ከፊሉም ስሙን ቀይሮ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል። የገላባቱ ተረካቢ ለገዳሪፉ ጅምላ ነጋዴ ያበድራል፣ የገዳሪፉ ለሱዋኪኑ ላኪ፣ የሱዋኪኑ ለጅዳው አስመጪ። «ሐጂ፣ ገንዘቡ መቼ ይሆን?» ሲባል «መርከቧ ስትመለስ፣ ኢንሻአላህ» የሚለው መልስ የመጣው ከዚህ ነው። ሐጂ እየዋሹ ላይሆን ይችላል። እሳቸውም የሚጠብቁት ሰው አለ፤ ያም ሰው የሚጠብቀው ሌላ አለው። የመተማው ነጋዴ ግን ከነዚህ ሁሉ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ያልታየ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሽታ ሳውዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ሲነሣ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለአፍሪካ ቀንድ ከብትና በግ በራቸውን ዘጉ፤ የላኪዎቹ ገንዘብ በግ ሆኖ ወደብ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2021 የሱዳን ፓውንድ በአንድ ቀን በይፋ ከ55 ወደ 375 በዶላር ወረደ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ባድር 1 የምትባል መርከብ፣ ትሸከማለች ከተባለው 9 ሺህ በግ እጅግ አልፋ ከ15 ሺህ በላይ ጭና፣ እዚያው ሱዋኪን ወደብ ውስጥ ሰጠመች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። የገላባት መተላለፊያም በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ተዘግቶ ያውቃል። በየአጋጣሚው ኪሳራው ወደ ታች ይንከባለልና በመጨረሻ የሚያርፈው ወረቀት በሌለው አበዳሪ ላይ ነው።

ነጋዴው ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «እኛ የምንሠራው በአማና ነው፤ ወረቀት አያበላም።» ይህን መናቅ አይገባም። አማናው ባይኖር ይህ ድንበር ላይ ከብት አይሻገርም ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በስደት ገብተው ተዋዋና ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የቀሩ ኢትዮጵያውያን፣ ዐረብኛና አማርኛ አቀላጥፈው፣ በሁለቱም ወገን ዋስ እየሆኑ የገነቡት ንግድ ነው። ነገር ግን አማና የሚናገረው ስለ ሰውየው ነው። ሐጂ ሐቀኛ ሰው መሆናቸውን ይናገራል፤ ያበደሩት የሱዋኪን ኩባንያ በባንክ ዕዳ መታነቁን አይናገርም። ሐቀኛ ሰው ሲከስር ሐቀኝነቱ ብድር አይከፍልም።

ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ተበዳሪው ማን እንደሆነ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሱዳን ውስጥ የንግድ ቤት ሁሉ ኩባንያ አይደለም። አንድ ሰው ለራሱ ንግድ የሚያስመዘግበው ስም አለ፣ «ኢስም አመል» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የራሱ ሕግ ያለው ነው። እዚህ ባለ ስሙና ንግዱ አንድ ናቸው፤ ዕዳው ከቤቱም ከከብቱም ይጠየቃል። ሌላው «መህዱዳ» የሚል ቃል በስሙ ጫፍ ያለው ሸሪካ ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማለት ነው። ይህኛው በ1925 በወጣው፣ በኋላም በ2015 በተተካው የኩባንያዎች ሕግ የሚመራ ሲሆን፣ ኩባንያው ሲወድቅ ባለድርሻው በግል አይጠየቅም። ታላቅ ቪላና ሦስት መኪና ያለው ሰው ያስፈረመው ወረቀት ላይ «መህዱዳ» ካለ፣ ቪላውና መኪናው ለአበዳሪው ጌጥ ብቻ ናቸው። የካርኒው ራስጌ ላይ ያለውን ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የማኅተሙን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ምንም አያስወጣም። ቁጥሩ ከስሙ ይበልጣል፤ «ሙሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በደርዘን መንገድ ይጻፋል፣ ቁጥር ግን አይዛባም። ፍለጋም በዐረብኛው ስም መጀመር አለበት።

በኢትዮጵያ በኩል ነገሩ ከበፊቱ ቀሏል። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ባዘጋጀው የኦንላይን የንግድ አገልግሎት የግብር ከፋይ ቁጥር አስገብቶ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ በየትኛው ዘርፍ እንደሆነ ማየት ይቻላል። የጎንደር ማደለቢያ ባለቤት ነኝ፣ ወደ ውጭ እልካለሁ የሚል ሰው ፈቃዱ የችርቻሮ ሸቀጥ ሆኖ ሲገኝ፣ ፍለጋው በዚያች ደቂቃ ዋጋውን መልሷል። የንግድ መዝገብ የተቋቋመው ሌላው ሰው አይቶት እንዲጠነቀቅ ነው፤ መመሥረቻ ጽሑፉን፣ ባለድርሻዎቹንና ካፒታሉን የሚያሳየውን ቅጂ ክፍያ ከፍሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚታየው በልማድ ብቻ ነው።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ፣ የከብት ነጋዴው ግን ከቁብ ያልቆጠረው አንድ መዝገብ አለ። በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሰጥ ዋስትናን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንም ለብድር መያዣነት አብቅቷል። መዝገቡ በብሔራዊ ባንክ ሥር በኤሌክትሮኒክስ የተደራጀ ነው። ሁለት ጥቅም አለው። የመጀመሪያው፣ መቶ ሰንጋ በበረት አስሮ «ይህን አይተህ አበድረኝ» የሚለው ማደለቢያ፣ መቶውን ቀድሞ ለባንክ አስይዞ እንደሆነ ለማወቅ ያስችላል። ሁለተኛው፣ በዱቤ የሸጠው ሰው ራሱ መብቱን በሸጣቸው ከብቶች ላይ በውል አድርጎ ማስመዝገብ ይችላል። ከብቱ ድንበሩን ከተሻገረ ይህ መብት ብዙም አይረዳውም፤ ለጎንደር፣ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ገዢ ግን ይሠራል። በነገራችን ላይ አንድ አዋጅ ወጥቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ የሚመለከተው ነጋዴ ስሙን እንኳ አለመስማቱ የነጋዴው ጥፋት ብቻ አይደለም። በየወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ሁሉ ይህ አንድ ገጽ ቢለጠፍ ምን ነበረበት?

ጋዜጣም ሒሳብ ይናገራል። ባንኮች ተበዳሪያቸው ሳይከፍል ሲቀር የሐራጅ ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ የቦታውና የመነሻ ዋጋው ጭምር ይታተማል። ሪፖርተርና አዲስ ዘመን ላይ፣ በክልሉ ደግሞ በኩር ላይ እነዚህን ገጾች የሚያነባቸው ቤት ወይም መጋዘን መግዛት የሚፈልግ ሰው ነው። ሊያነባቸው የሚገባው ግን አበዳሪ ነበር። አንድ የእህልና የከብት ነጋዴ መጋዘኑ ለሐራጅ ሲወጣ፣ በዚያው ሳምንት መተማ ላይ ከብት በዱቤ እየሰበሰበ ሊሆን ይችላል። የቆዩት እትሞች አዲስ አበባ ወመዘክር ውስጥ ተጠርዘው ይገኛሉ፤ ለቅርቡ ጊዜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በቂ ነው።

ወደ ሱዳን ስንመለስ መንገዱ ይጠባል። የካርቱም የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 ግብይት ከጀመረ ወዲህ፣ በእሱ የተመዘገቡ ባንኮችና ጥቂት ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ያወጡ ነበር። የንግድ መዝጋቢውም፣ ገበያውም ካርቱም ላይ የነበሩ ሲሆን ጦርነቱ የገባው በከተማዋ መሐል ነው። አሮጌ ሪፖርቶችን ለማግኘት የሚረዳው አንዱ መንገድ የተዘጉ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት ማኅደር ነው፤ የኩባንያውን የድሮ አድራሻ ማስገባት ብቻ ይበቃል። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሪፖርት አሮጌ ነው ተብሎ አይጣልም። ዛሬ ያለውን ገንዘብ አያሳይም፤ ባለቤቶቹ እነማን እንደነበሩ፣ ኦዲተር ይቀጥሩ እንደነበር፣ በሰላሙ ጊዜ እንኳ ዕዳቸውን በሰዓቱ ይከፍሉ እንደነበር ያሳያል።

ብዙ የሱዳን ነጋዴ ከጦርነቱም በፊት ሌላ ቦታ ኩባንያ ነበረው፤ ዱባይ ወይም ለንደን። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የንግድ መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ይፈለጋል፤ ፈቃድ መኖሩን እንጂ ሒሳብን አያሳይም። የእንግሊዙ የኩባንያዎች መዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም ሰው፣ ገዳሪፍ ሻይ ቤት ተቀምጦም ቢሆን፣ ያለ ክፍያ የኩባንያውን ዳይሬክተሮች፣ ባለቤቶችና ያስገባውን ሒሳብ አውርዶ ማንበብ ይችላል። «ለንደን ውስጥ ድርጅት አለኝ» ያለ ገዢ ድርጅቱ ምንም እንቅስቃሴ የሌለው ተብሎ በራሱ ፊርማ ያመለከተ ሆኖ ቢገኝ ያ ራሱ መልስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይጨመር። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የማዕቀብ ዝርዝር በነፃ የሚፈለግ ሲሆን፣ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የሱዳን ኩባንያዎች ገብተውበታል፤ በሰኔ 2023 አልጁነይድና የመከላከያ ኢንዱስትሪዎች ሥርዓት፣ በጥር 2024 ደግሞ ዛድና ኩባንያና አልኸሊጅ ባንክ ይገኙባቸዋል። ዛድና በግብርና የሚታወቅ ስም ነው። በዶላር የሚመጣ ክፍያ ከእነዚህ በአንዱ በኩል ካለፈ፣ ላኪው ንጹሕ ሰው ቢሆንም ገንዘቡ መንገድ ላይ ሊታገድ ይችላል። በሞባይል የሚላከውም የራሱ ጣጣ አለው። ባንከክ ጦርነቱን ተሻግሮ ገበያውን ያቆመ ነገር ነው፤ ነገር ግን በስልክ የሚላክ የኢሽዓር ፎቶ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡ ገባ የሚባለው ተቀባዩ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ሲያይ ነው።

ሪፖርቱ ተገኘ እንበል። ምኑ ይነበባል? ነጋዴው ከሁሉ በፊት የሚያየው ትርፉን ነው፤ ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል። ለምሳሌ አንድ ላኪ በዓመት 120 ሚሊዮን ብር ሸጦ 6 ሚሊዮን አተረፍኩ ቢል ደግ ነው። ግን የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ተሰብሳቢ ሒሳቡ 40 ሚሊዮን ከሆነ፣ የዓመቱ ሽያጭ ሢሶ ገና በሰው እጅ ነው ማለት ነው፤ ይህም 120 ቀን ያህል ነው። ራሱ ገንዘቡን በአራት ወር የሚሰበስብ ድርጅት ለመተማው ነጋዴ «በሠላሳ ቀን እከፍላለሁ» ሲል፣ ወይ ከባንክ ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይ አይከፍልም። ቀጥሎ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈለው የባንክ ዕዳ ይታያል። 35 ሚሊዮን ከሆነና በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ 2 ሚሊዮን ከሆነ፣ ባንኩ ከነጋዴው ይቀድማል። ከዚያ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው፦ ትርፍ አሳይቶ ከሥራው የወጣው ገንዘብ ከገባው የሚበልጥ ድርጅት፣ ወፍራም መስሎ ሆዱ በውኃ ብቻ እንደተሞላ ሰንጋ ነው። ይህን ዘዴ የከብት ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጨው አልሶ ውኃ ማጠጣት አዲስ ነገር አይደለም።

የሱዳን ፓውንድ ሒሳብ ሲነበብ ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ መቀበል አይቻልም። ሱዳን በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ከፍተኛ የዋጋ ንረት ካለባቸው አገሮች ተርታ ናት። 55 ሚሊዮን ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ በይፋዊው ምንዛሪ ከየካቲት 2021 ውሳኔ በፊት አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከውሳኔው በኋላ 147 ሺህ አይሞላም። ጥቁር ገበያው ይህን ቀድሞ ያውቀው ነበር፣ መዝገቡ ግን አያውቅም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር፣ በኢትዮጵያ በኩል ላለውም ይኸው ጥያቄ መጥቷል። ዕዳው በዶላር፣ ሽያጩ በብር የሆነ ድርጅት በዚያ ወር ምን እንደሆነ የሚናገረው ከሒሳቡ ኋላ ያለው ማብራሪያ ነው፤ ማንም የማያነበው ክፍል።

ይህን ዓይነት ንባብ ለመልመድ የሚመረጥ መማሪያ ካስፈለገ፣ በእንስሳት ንግድ ላይ ብቻ የቆመ፣ ሪፖርቱንም በይፋ የሚያወጣ ኩባንያ ኩዌት ውስጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተውና በኩዌት የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበው፣ አልማዋሺ በሚል ስም የሚታወቀው የእንስሳት ማጓጓዣና ንግድ ኩባንያ። መርከብ፣ በግ፣ መኖና ዕዳ በሒሳብ ሰነድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ነው። ለረጅም ጊዜ በጉን በብዛት ያመጣ የነበረው ከአውስትራሊያ ሲሆን፣ አውስትራሊያ ደግሞ በ2024 ባወጣችው ሕግ ከግንቦት 2028 ጀምሮ በባሕር የሚላክ የቁም በግ ትከለክላለች። የባሕረ ሰላጤው ገዢዎች ዓይን ወደ ቀይ ባሕር ማዶ መዞሩ አይቀርም። ያን ጊዜ መተማ ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚመጣውን ገዢ ሪፖርት ያነበበ ቢሆን ይሻላል፤ ገዢው የነጋዴውን ችግር አጥንቶ እንደሚመጣ አያጠራጥርም።

«ይህ ሁሉ ለኤክስፖርተር እንጂ ለእኛ ለትንንሾቹ አይሆንም» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። አሥር በሬ የሚሸጥ ሰው የለንደንን መዝገብ ሲያገላብጥ አይውልም። አብዛኛው የገዳሪፍ ገዢም ሪፖርት የሚያወጣ ኩባንያ የለውም። በተጨማሪ ብዙው ከብት ያለ ፈቃድና ያለ ባንክ ሰነድ የሚሻገር ስለሆነ፣ ተበዳሪው ቢክድ ክስ የሚመሠረትበት ውል የለም፤ የቁም እንስሳት ግብይትን አዋጅ ቁጥር 819/2006 ጥሶ የሸጠ ሰው ዕዳዬን አስከፍሉልኝ ብሎ የሚሄድበት ደጅ ጠባብ ነው። ይህ ግን ፍለጋው ለአንድ ሰው ይከብዳል ማለት እንጂ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለአንዱ የከበደው ለማኅበሩ አይከብድም። ገዳሪፍና ገላባት ላይ ከአንድ ገዢ ጋር ሃያ ሰው ይነግዳል፤ ሃያውም በየፊናው ያውቀዋል፣ ግን አንዱ ለሌላው አይነግረውም፣ ምክንያቱም ተወዳዳሪው ነው። ገዢው በዚህ ዝምታ ውስጥ ከሃያው ይበደራል።

የመተማና የሁመራ የእንስሳት ነጋዴዎች ማኅበራት ለእያንዳንዱ ትልቅ ገዢ አንድ ፋይል ቢከፍቱ የሚያስወጣቸው የአንድ ወጣት ደመወዝና የኢንተርኔት ክፍያ ነው። ወጣቱ ዐረብኛ ማንበብ አለበት፤ እንዲህ ያሉ ደግሞ ገዳሪፍ ተወልደው ያደጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ብዙ ናቸው፣ ሥራም ይፈልጋሉ። የሒሳብ ንባቡን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሁለት ሳምንት ሥልጠና ሊያስተምር ይችላል። የቴዎድሮስ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የከብቱን፣ የአካውንቲንግ ትምህርት ክፍሉ የዕዳውን ቢይዙ ጥሩ ጥምረት ይሆናል። በፋይሉ ውስጥ የሚገባው የምዝገባ ቁጥሩ፣ የባለቤቶቹ ስም፣ የማዕቀብና የሐራጅ ፍለጋው ውጤት፣ ሪፖርት ካለው ተሰብሳቢውና ዕዳው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባላቱ ራሳቸው የሚሞሉት አንድ መስመር ነው፦ በስንት ቀን እከፍላለሁ ብሎ በስንት ቀን ከፈለ። ይህችን መስመር ምንም ኢንተርኔት አይሰጣትም። ሪፖርት የሌለውን ገዢ የምታጋልጠውም እሷው ናት።

መንግሥትም የሚጠበቅበት አለ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ድርጅቶች የፋይናንስ ሪፖርታቸውን ለሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ያቀርባሉ። ሪፖርቱ ለቦርዱ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ለከብት ነጋዴው ያልተጻፈ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተመዘገቡ ድርጅቶችን ሒሳብ ወደ ሕዝብ ማውጣቱ መልካም ጅምር ነው፤ ሆኖም ቀዳሚዎቹ ተመዝጋቢዎች ባንኮች ናቸው። ቄራ፣ ማደለቢያና የእንስሳት ላኪ ድርጅት እዚያ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰንጋ በዱቤ ይሻገራል።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ገበያው ይሞላል። ለዐረፋ የሚሰበሰበው ከብትና በግም ወራት ቀድሞ ይጠየቃል። የክረምቱ ወራት ማኅበራቱ የሚሰበሰቡበትና ሥራ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስለሆነ፣ አሥሩን ትልልቅ ገዢዎች ለመምረጥና አሥር ፋይል ለመክፈት ይበቃል።